ለሕያው የተበላ ተዝካር

ሀዋሳ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ የትናየት ገብረ ኪዳን፣ ደባርቅ

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል ልበልሽ? አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ ወንድም ጤና ሲጠይቅ አያምርበትም፤ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅምና እንዴት ከርመሻል። ጉልበትሽ ተሻለሽ? ትምህርት ቤቱ በጡረታ ከሸኘሽ ወዲህ ደብዳቤ በምን አድራሻ እንደምልክልሽ ጠፍቶኝ ነበር። ስልክሽን ካንድ አብሮሽ ካስተማረ ሰው አግኝቼ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን መታሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳይጠራ አጠፋሁት። እምዬ ብታነሳውስ? «ማን ልበል?» ብትለኝ ማን ነኝ እላታለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሽማግሌዎቹ የሕይወት ታሪኬንና የደረስኳቸውን ስልሳ አራት መዝሙሮች በአንድ መጽሐፍ እናሳትም አሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሰው መቼም በስሙ መጽሐፍ ሲታተምለት ይወዳል። ታሪኩን የሚያዘጋጅ ሰው መቅረጸ ድምፁን ይዞ መጣና ቤቴ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ወላጅ እናትዎ መቼ ነው ያረፉት?» አለኝ። ባለቤቴ ናዝራዊት አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና «ገና ወታደር ሳይሆን ነው የሞቱት» ብላ መለሰችለት። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኳት፣ ሳላገባት ጀምሮ።

እምዬ እኔን ሞቷል ብላ እንዳለቀሰችኝ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን እሷን እንደገደልኳት አታውቂም ነበር፣ ይኸው ዛሬ እወቂው። አንድ ሰው እናት ካለችው «ለምን አትጠይቃትም?» ይሉታል። ከሞተች ግን ማንም አይጠይቀውም። ለዚህ ብዬ ነው።

እታለም፣ እምዬ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ሳታልፍብኝ መጥቼ እግሯ ላይ ልውደቅ። ያን ቀን «ሂድ» ያልሽኝ አንቺ ነሽና፣ ዛሬ «ና» በይኝ።

ወንድምሽ ሰይፈ ሥላሴ


ደባርቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ከጎንደር የሚመላለሰው ሹፌር ያርጋል እስከ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። እምዬ ከፀሐይ ተቀምጣ ስለነበር «የምንድን ነው?» አለችኝ፤ «የጡረታ ነው» አልኳት። ይኸው ገና ሳልከፍተው መዋሸት ጀመርኩ። አንተን ባሰብኩ ቁጥር አፌ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

እናትህን በቁሟ ገደልካት? በል እንኳን ደስ ያለህ! የቤታችን ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተቀባብሮ አለቀ በለኛ። እኔን ምን አድርገኸኝ ይሆን? እኔንም ሳልታመም ቀብረኸኝ እንደሆነ ንገረኝ፣ ነጠላዬን ላዘቅዝቅ።

አይ፣ እንዲህ ልጽፍልህ አልነበረም የተቀመጥኩት። ተናድጄ ነው። ከአንተ ይልቅ በራሴ ነው የተናደድኩት።

«ና በይኝ» አልከኝ። እንዴት ብዬ? ያን ጊዜ አብሮህ የዘመተው የወቅን ልጅ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መርዶ ሲያረዳን እኔም አብሬ ፊቴን ነጭቻለሁ። ሬሳ የለ፣ ጋቢህንና የተማርክበትን መቋሚያ ዘርግተን አለቀስንህ። አርባህን ልናወጣ ድግሱ ደርሶ፣ ቄሶቹ ተቀምጠው፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ብዬ ስወርድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ኋላ አንተን አገኘሁ። በእግርህ ቆመሃል። መጀመሪያ ያየሁት አንገትህን ነው፤ ማተብ የለውም። ምንም ሳትነግረኝ ገባኝ።

ከላይ እምዬ ከበየዳ ዘግይተው ለመጡት ልቅሶ ደራሾች ሙሾ እያወረደችላቸው ነበር፤ ስንኟን ሁለታችንም ሰማነው። «ማተቡን እንዳሠርኩለት ሄደልኝ» ብላ ነበር የምትጽናናው። በሷ ቤት ያላት መጽናኛ ያችው ብቻ ናት። እኔ ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ነኝ። «ሞተህ ብትቀርላት ይሻላታል፣ ሂድ» አልኩህ። የገዛ ተዝካርህን እንጀራ በሰፌድ አምጥቼ ግንብ ሥር አበላሁህ፣ ጠላውንም አጠጣሁህ። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ጥቅምት በመጣ ቁጥር የመታሰቢያህን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሕያው ሰው ጠላ ጠምቄያለሁ፤ ሰው ሁሉ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል እኔም «ይማር» እላለሁ።

ስለዚህ አትምጣ። አሁን ብትመጣ እምዬ ከሁለት አንዳችንን ይቅር ብትል እንኳ ሁለተኛችንን አትችልም።

አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ያን ቀን የሰማኸውን የእምዬን ልቅሶ ምን አደረግኸው? ለምን እንደጠየቅሁህ አትጠይቀኝ፤ መልሱን ብቻ ላክልኝ።

የትናየት


ሀዋሳ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንዳዘዝሽኝ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። እውነቱን ልንገርሽ። ሠረቅሁት።

ያን ቀን ካንቺ ተለይቼ በእግሬ እስከ ደባት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የእምዬ ስንኝ በጆሮዬ ነበር። አንቺም አትረሺውም፦

እንዳሠርኩት ማተብ ሳይፈታ ካንገቱ፣
ከናቱ ቤት ወጥቶ ገባ ወዳባቱ።

አባባ መሪጌታ ነበርና ያሳደገን በዜማ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማሁት ነገር ከጆሮዬ አይወጣም። ሀዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። የጉባኤያችን አንዲት ሴት ልጇ ሞተባትና ቀብሩ ላይ የሚዘመር አጡ። እኔ ገና አዲስ አገልጋይ ነኝ፤ ቀና ብዬ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዜማውን በአባባ አራራይ አደረግሁት። ሁለተኛው ስንኝ እንዳለ የእምዬ ነው። የመጀመሪያውን ግን ልዘምረው አልቻልኩም። እኔ ማተቤን ቆስዬ ተኝቼ ጌታን ባገኘሁበት በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ በራሴ እጅ በመቀስ ቆርጬዋለሁ፤ ማንም ቁረጥ አላለኝም። እንዴት ብዬ «ሳይፈታ» እላለሁ? ስለዚህ ለወጥኩት፦

ከባዱን ቀንበሩን አውርዶ ካንገቱ፣
ከናቱ ቤት ወጥቶ ገባ ወዳባቱ።

ሴትዮዋ አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ያለዚያ መዝሙር የሚቀበር አማኝ የለም ብልሽ አላጋነንኩም። በሬዲዮ ይዘመራል፤ ልጆች በስልካቸው ይዘውታል። ከስልሳ አራቱ መዝሙሮቼ ሰው የሚያውቀኝ በዚህ ነው። «ይህን ቃል እንዴት ሰጠዎት?» ብለው ሲጠይቁኝ «በጸሎት ሳለሁ መጣልኝ» እላለሁ። መድረክ ላይ ቆሜ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በእጄ ይዤ፣ እንዲያ እላለሁ።

እኔ አሁን የያዝኩትን እምነት አልካድኩም፣ አልክድምም። ጌታን ያወቅሁት በእውነት ነው፤ እሱን ስነግርሽ አላፍርም። የማፍረው እናቴ ሞተብኝ ብላ ያለቀሰችውን ወስጄ፣ እሷን ከቤት ትቼ፣ ቃሏን ብቻ ይዤ መክበሬ ነው። ሰው ሲያጨበጭብልኝ እኔ የምሰማው የእምዬን ደረት ምት ነው።

አዘጋጁ የዚያን መዝሙር ታሪክ ለብቻው አንድ ምዕራፍ አድርጎታል። እንዲቆየኝ ነግሬዋለሁ። ምን ላድርግ? መክረሽኝ ሄጄ አልጠቀመኝም፤ እንደገና ግን ምከሪኝ።

ሰይፈ


ደባርቅ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ነገሩ እንዲያ መሆኑን ከአፍህ ልስማ ብዬ ነው እንጂ አውቄው ነበር። ባለፈው ስጽፍልህ የደበቅሁህ ነገር አለ። አሁን ተቀመጥ፣ ቆመህ አታንብበው።

ከጓሮ ያለውን ክፍል ለአንዲት ነርስ አከራይቼዋለሁ፤ ሕሊና ትባላለች፣ ከዲላ የመጣች ጥሩ ልጅ ናት። እምዬን ደም ግፊት ትለካታለች፣ ጥፍሯን ትቆርጥላታለች። የናንተ እምነት ናት። እምዬም «ቢሆንም ልጅ ናት» ትላታለች። በገና ሰሞን ልጅቱ ልብስ ስታጥብ ስልኳን ከግንቡ ላይ አድርጋ መዝሙር ትሰማለች። እምዬ ከደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትባዝት ነበር። እኔ ከውስጥ ነኝ። ድንገት «ዝም አሰኚው!» ስትል ሰማሁ። እምዬ ጮኻ አታውቅም። ሮጬ ስወጣ ጥጡ ተበትኗል፣ እሷ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

ያን ቀን አልበላችም፣ በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ሕሊናን አስጠርታ «ያንን ድገሚልኝ» አለቻት። ሁለት ጊዜ አሰማቻት። ከዚያ ልጅቱን አስወጣችና እኔን በዓይኗ ያዘችኝ።

«የትናየት» አለች፣ «ያን ቃል እኔ ያወረድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ለበየዳዎቹ ነው ያወረድኩት። የበየዳዎቹ ሰዎች ሁሉም አልቀዋል። ማን ሰምቶ ወሰደው?»

ልወጣ ስነሣ ቀጠለች።

«የዘፈነው ሰው አባቱ ማን ነው? ያ ዜማ የገብረ ኪዳን ነው። እኔ አርባ ዓመት ከጎኑ ተኝቼ የሰማሁትን ዜማ አጣዋለሁ?»

ያኔ የአንተ ደብዳቤ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ፈራሁና «ማን ያውቃል፣ ስንኝ መንገደኛ ነው» አልኳት። አንተንም «አትምጣ» ብዬ የጻፍኩልህ በዚያው ሳምንት ነው። አየህ ጉዴን? እናቴ ልጇን በጆሮዋ አግኝታው እኔ ልሸፍንባት ስታገል ከረምኩ። መልስህ ከመጣልኝ ወዲያ ግን አቃተኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፣ ከፊቷ ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኳት። ግንቡን፣ ሰፌዱን፣ ጠላውን።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። ትረግመኛለች ብዬም ነበር። ጣቶቿን ትቆጥራለች። «ምን እየቆጠርሽ ነው?» ብላት ምን አለችኝ መሰለህ?

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ነፍሱን ማርልኝ አልኩ። ታመመ፣ አገገመ፣ አገባ፣ ወለደ፣ እኔ የማውቀው የለም። አንድም ቀን ጤናውን ስጠው ብዬ አልለመንኩለትም። አንድም ቀን! የሌላ ሰው ልጅ ሲያስነጥስ ይማርህ እላለሁ፣ ለራሴ ልጅ አላልኩም። ይህን ያደረጋችሁኝ ሁለታችሁ ናችሁ።»

ሌላውን ሁሉ ችዬው ነበር፣ ይህችን ግን አልቻልኳትም።

በበነጋታው ንገሪው ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። አንደኛ፣ «ለሕያው ልጄ የወረደ ልቅሶ በየቀብሩ አይዘመርብኝ። ሟርት ነው። ያቁምልኝ» ብላለች። ሁለተኛ፣ «እኔ በእጄ ፈትዬ ያሠርኩለትን ማተብ ቀንበር አለው? ከብዶት ነበር ወይ? ይንገረኝ» ብላለች።

መልሱን ለሷ ጻፈው፤ እኔ አነብላታለሁ።

የትናየት


ሀዋሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእማሆይ ዓለምዬ (እታለም፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፣ ስትደክም አቁሚላት)

እምዬ፣ ልጅሽ ሰይፈ ሥላሴ ነኝ። ጤና ነኝ። ይህን ቃል ቀድሜ የጻፍኩት ስለ ጤናዬ አንድም ቀን እንዳልለመንሽ ስላሳዘነሽ ነው። እግዚአብሔር ሳትለምኚውም ጠብቆኛል። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ትልቋ በስምሽ ትጠራለች። ስጠራት ሁሉ የማን ስም እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

ማተቡ አልከበደኝም እምዬ። ላባ ነበር። ቀንበር ያልኩት የሚመታልኝ ቃል ፈልጌ ነው፤ ውሸቴን የሚሸፍን ቃል ፈልጌም ነው። ከአንገቴ የቆረጥኩት በአዲሱ እምነቴ መጀመሪያ ላይ ችኩል ስለነበርኩ ነው፤ ያሠረልኝን እጅ አላሰብኩም። ዛሬ ተመልሼ ማተብ ልሰር አልልሽም፣ አልዋሽሽም፤ በእምነቴ አለሁ። ግን ያንቺን እጅ ቀንበር በማለቴ በድዬሻለሁ።

መዝሙሩን አቁሜያለሁ። ባለፈው እሑድ ስብከቴን ትቼ በጉባኤው ፊት ቆምኩና ሁሉን ተናገርኩ። ቃሉ በጸሎት አልመጣልኝም፣ የእናቴ ልቅሶ ነው አልኩ። እናቴ ሞታለች ማለቴ ሐሰት ነው አልኩ። ከእንግዲህ ይህ መዝሙር በእኔ ፈቃድ እንዳይዘመር፣ በመጽሐፉም እንዳይገባ ለመንኩ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «መጋቢ፣ ልጄን የቀበርኩት በዚያ መዝሙር ነው፤ ምን ልበል አሁን?» አሉኝ። መጽሐፉን አቆይተውታል፤ አገልግሎቴንም ለጊዜው አሳርፈውኛል። ፈርደውብኛል አልልም፣ ልክ ናቸው።

ናዝራዊት ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። በአራተኛው ቀን ለኔ ካልሲ፣ ላንቺም ሹራብ በሻንጣ አድርጋ «እዚያ ብርድ ነው ይባላል» አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። ሚያዝያ 18 ቀን ጎንደር እገባለሁ፣ አራዳ አጠገብ አልጋ እይዛለሁ፤ ያርጋል ቤቱን ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አንቺ ካልፈቀድሽ አልሄድም።

እምዬ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ልይሽ ብቻ።

ሰይፈ


ደባት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንኳን ደህና ገባህ። ኔትዎርክ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነውና ስልክ ብትሞክር አይሠራም። ያርጋል መኪናውን አስነስቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ስለሆነ በአጭሩ ልጻፍ።

ደባርቅ እንዳትሄድ። ደባት ላይ ውረድና በቀጥታ ወደ አጎታችን ወደ ቄስ ተክለ ማርያም ቤት ና። እኛም እዚያው ነን። ዘመድም መጥቷል። ወፍራም ጋቢ ያዝ። ብቻህን ከሆንክ ከጎንደር የሚያውቅህን አንድ ሰው ይዘህ ብትመጣ ጥሩ ነው። አይዞህ፣ ጠንከር በል። ወንድ ልጅ ነህ።

የትናየት


ጎንደር፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያርጋል ሲሰጠኝ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ሌላ አገር ኖሬ ረስቼ አይደለም። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰውየውን «አሟት ነው»፣ «ፈልገንህ ነው» ብለው ይጠሩታል፤ ከቤቱ በፊት ዘመድ ቤት ያሳርፉታል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ «ጠንከር በል» ይባላል። ማልደው ይነግሩታል። «እኛ እዚያው ነን» ብለሽ የእምዬን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሽም። ቢያንስ በመጨረሻው አልዋሸሽኝም።

መቼ ነው? ደብዳቤዬን ካነበብሽላት በኋላ ነው? ከሆነ የገደልኳት እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት በአፌ ገድያት ነበር፣ አሁን በወረቀት።

እታለም፣ አልመጣም። ተናደጂ፣ ልክ ነሽ። ዘመዱ ሁሉ በተሰበሰበበት የሞተ ልጇ ከሞት ተነሥቶ ለቀብሯ ሲመጣ ማን ይቋቋመዋል? ልቅሶውን የኔ ጉድ ይበላዋል። በሕይወት እያለች ያልመጣሁ ሰው አሁን ተንበርክኬ ባለቅስ ለማን ነው የማለቅሰው? ለራሴ ነው። ትናንት ማታ እስክትቀበር ልቆይ ብዬ አሰብኩ፣ ጉልበት አጣሁ። ለሁለተኛ ጊዜ እየተመለስኩ ነው፤ አሁን ግን ሂድ ያለኝ የለም፣ በራሴ ነው።

ከነገ ወዲያ ማልዶ በሚነሣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ናዝራዊት ለእምዬ የላከችውን ሹራብ ከያርጋል ጋር ልኬዋለሁ፤ ለማንም ስጪው።

ሰይፈ


ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀትር በፊት

አንተ ሰው!

ኧረ ምን ዓይነት ፍጥረት ነህ? እምዬ አለች! አለች፣ አለች፣ አለች! ስንት ጊዜ ልጻፍልህ? ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ የላክኸውን ሹራብ ለብሳ «ይሰፋኛል» እያለች አለች!

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገባኝ። ትናንት ያርጋል ደብዳቤህን ሲያመጣልኝ አነበብኩትና የኔኑ ወረቀት በልቤ ደገምኩት፤ በእውነት እሱን አንብቦ መርዶ ነው የማይል የጎንደር ሰው የለም። የጻፍኩት ግን የልቤን ነው። «ጠንከር በል» ያልኩህ እምዬ ፊት መቆም ቀላል ስላልሆነ ነው። ዘመድ መጥቷል ያልኩህ አጎታችንና ሚስቱ ናቸው። ያርጋልም ዓይኑን የሰበረው ዓይን አፋር ስለሆነ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያው ነው፣ አስተምሬዋለሁ። ደባት ያልኩህም እምዬ እዚያ ይሁን ስላለች ነው። «ደባርቅ ሰው ሁሉ ተዝካሩን በልቶለታል፤ ወሬ ከቦን መጀመሪያ አላየውም። ማንም ካላለቀሰለት ቤት ልየው፤ ከዚያ ደባርቅ እኔው እጁን ይዤ አስገባዋለሁ» ብላ ነው። አራት ቀን ሙሉ የቄስ ተክለ ማርያም ደጅ ተቀምጣ የመጣ መኪና ሁሉ በር ሲከፈት ትነሣለች።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ልዝለልላት ብዬ ነበር፤ «ሁሉንም፣ እንዳለ» አለችኝ። ከእንግዲህ በኛ ቤት የሚዘለል ነገር የለም። «አልመጣም» ያልክበት ላይ ስደርስ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«እኔ ሞቼ ቢሆን ኖሮስ» አለች፣ «ማን ሊቀብረኝ ነበር?»

አጎታችን «ይደነግጣል ሰውዬው፣ አትፍረጂበት» ቢሏት፣ «አልፈረድኩም፣ ጠየቅሁ» አለቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች። ወዴት ስላት፣ «እሱ መመለስ ለምዷል። ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ሌላ ሠላሳ ዓመት ነው፤ እኔ ደግሞ የለኝም» አለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ ጎንደርን ካየች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ያርጋል ከፊት ወንበር አስቀመጣት፤ መንገዱን ሁሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስቆመችው።

ይህን የምጽፍልህ ካልጋ ቤትህ በር ላይ፣ መኪናው ውስጥ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ዘበኛው ይዞልህ ይወጣል። ልግባና ልጥራው ብላት እምቢ አለችኝ። «ሞታለች ብሎ የተቀመጠ ሰው ድንገት ቢያየኝ ልቡ ይቆማል፤ አስቀድሞ ያንብብ» አለች። እኔ ላንተ ልብ ባላስብም እሷ አስባለች። ደግሞ «እስከዚህ እኔ መጥቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለችውን እሱ ይምጣት» ብላለች።

ደረጃህን ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት ነው። ካልመጣህ ምን እንደማደርግህ አላውቅም፤ እሷ ግን ምን እንደምታደርግ ነግራኛለች። ምንም አታደርግም፤ ወደ ደባርቅ ትመለሳለች፣ በጥቅምት የመታሰቢያህን ጠላ ጥመቂ ትለኛለች፣ እኔም አልጠምቅም ማለት አልችልም።

በሩ ክፍት ነው። እጇን ከመስኮቱ አውጥታ የመኪናውን በር ይዛ ቁጭ ብላለች። ጫማህን አትሠር፣ ና ውረድ።

የትናየት